ለድምፅ ሥራ ኦሲሎስኮፕ አመራረጥ፦ ሜጋኸርዙን ተዉትና ሚሊቮልቱን እዩ

ጥር ሲቃረብ የኔ ጠረጴዛ ይሞላል። ጥምቀቱ አለ፣ ሰርጉ አለ፣ ሳውንድ የሚያከራዩት ልጆች ክረምቱን ሙሉ ጥግ ላይ ጥለውት የከረመውን አምፕ አቧራውን እንኳ ሳያራግፉ ይዘውት ይመጡና አንዱ "ያጉረመርማል" አንዱ "ድምፁ ሲጨመር ይሰነጠቃል" አንዱ ደግሞ "ግራው ሞቷል" ይለኛል። ለብዙ ጊዜ በቴስተርና በጆሮ ብቻ ነበር ምሰራው፣ ይሄዳል፣ ግን ቴስተር ቁጥር ነው ሚሰጣችሁ፣ የሞገዱን መልክ አያሳያችሁም። ስለዚ ብር አጠራቀምኩና የሞገዱን መልክ ስክሪን ላይ ሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ፣ በአጭሩ ስኮፕ፣ ገዛሁ፣ የገዛሁት ግን የማይሆነውን ነበር።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ 100 ሜጋኸርዝ ይላል፣ ታብሌት የመሰለ ነገር ነው፣ በጣት ሚነካ። ደስ ብሎኝ ባህር ዳር ግሽ ዓባይ ያለችው ሱቄ ውስጥ ከፈትኩትና የአንድ ሚክሰር ማይክ መግቢያ ላይ አስጠጋሁት፣ ማይኩ ላይ "ሄሎ ሄሎ" እያልኩ። ያየሁት አንድ ወፍራም ቢጫ መስመር ብቻ፣ ብጮህም ባንሾካሹክም ያው ነው። ትንሹ ክልሉ በአንድ ካሬ 50 ሚሊቮልት ነበር፣ የማይክ ሲግናል ደግሞ ጥቂት ሚሊቮልት ነው፣ ማለት ስክሪኑ ላይ የፀጉር ያክል እንኳ አይንቀሳቀስም። መቶ ሜጋኸርዙ ምንም አልፈየደኝም። እንግዲህ እናንተም እንደኔ ከመቃጠላችሁ በፊት በምን ቅደም ተከተል ብታዩት እንደሚሻል ልፃፍላችሁ።

መጀመሪያ፦ ምን ልታዩበት ነው?

ሰው ስኮፕ ልግዛ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሜጋኸርዝ ነው?" ብሎ ነው። ተዉት እሱን። ወረቀት አውጡና በቀን በቀን ምትነኩትን ነገር ፃፉ። እኔ ብፅፈው እንዲህ ይሆናል።

የማይክ መግቢያ፣ ሰው ሲያወራበት ከ1 እስከ 10 ሚሊቮልት አካባቢ። ክራር ወይ ማሲንቆ ላይ የተለጠፈ ፒክአፕ ከዛ ከፍ ይላል። የስልክ፣ የሲዲና የፍላሽ ማጫወቻ መስመር በተለምዶ 0.316 ቮልት አርኤምኤስ (ቴስተር በኤሲ ሚሰጣችሁ ዓይነት ቁጥር) ይባላል፣ ስክሪን ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.9 ቮልት ገደማ ነው ሚታየው። የፕሮፌሽናል ሚክሰር መውጫ 1.23 ቮልት አርኤምኤስ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3.5 ቮልት ገደማ። አምፕ ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይለወጣል፦ 100 ዋት በ8 ኦም ስፒከር ላይ ማለት 28 ቮልት አርኤምኤስ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ቮልት።

አያችሁት ልዩነቱን? ከ2 ሚሊቮልት እስከ 80 ቮልት፣ አርባ ሺህ እጥፍ። አንድ ስኮፕ ይሄን ሁሉ ማሳየት አለበት። ለድምፅ ሥራ ዋናው ጥያቄ ይሄ ከታች ወደላይ ያለው ስፋት እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። የላይኛው ችግር የለውም፣ ፕሮቡን (የስኮፑን መለኪያ ሽቦ) በ10 ማካፈያው ላይ አድርጋችሁ ትጨርሱታላችሁ። ጉዱ ያለው ታች ነው።

ሜጋኸርዙ ታዲያ ስንት ይበቃል?

የሰው ጆሮ ሚሰማው ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው፣ እሱም ገና ልጅ ሲሆን፣ እንደኔ ስፒከር ስር ለኖረ ሰው ደግሞ ከዛ ያንሳል። አንድ ስኮፕ 20 ሜጋኸርዝ ነው ሲባል እዛ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ሲግናሉን ወደ 70 በመቶ ገደማው አሳንሶ ነው ሚያሳየው ማለት ነው፣ ስለዚ በትክክል እንዲያሳያችሁ ከምታዩት ነገር አምስት እጥፍ ያለው ያዙ ይባላል። 20 ኪሎኸርዝ በአምስት፣ 100 ኪሎኸርዝ። ሜጋ አይደለም፣ ኪሎ! በዚ ሂሳብ ከሄድን ያቺ ራሳችሁ ምትበይዷት ትንሿ ስኮፕ፣ ዲኤስኦ 138፣ 200 ኪሎኸርዝ ያላት፣ ለንፁህ ድምፅ በቂ ናት።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ አምፕ አንዳንዴ ማንም ሳይሰማው ራሱ በራሱ በሜጋኸርዝ ፍጥነት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስፒከሩ ዝም ብሏል፣ ዘፈንም አልተከፈተም፣ ሂትሲንኩ (ማቀዝቀዣ ብረቱ) ግን እጅ ያቃጥላል። ይሄን በ200 ኪሎኸርዝ ስኮፕ አታዩትም፣ ቢበዛ መስመሩ ትንሽ ሲወፍር ነው ምታዩት። ሁለተኛው፣ አሁን ገበያውን የሞሉት ክላስ ዲ አምፖች መቶዎች ኪሎኸርዝ ላይ እየበሩ እየጠፉ ነው ሚሰሩት፣ እሱንም ማየት ትፈልጋላችሁ። ስለዚ ከ20 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ያለው በጣም በቂ ነው። ከዛ በላይ ያለው ላይ ብር ብትጨምሩ ለሬድዮ ሠራተኛ እንጂ ለናንተ አይደለም። እንዲያውም ስኮፑ ባንድዊድዙን (ሚያየውን የሜጋኸርዝ ጣሪያ) ወደ 20 ሜጋኸርዝ ሚቀንስ ቁልፍ ካለው ሁሌም አብርታችሁ ስሩ፣ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው የኤፍኤም ጣቢያ ሁሉ በፕሮባችሁ እየገባ መስመሩን ሚያጠለሸውን ይቆርጥላችኋል።

ሚሊቮልቱና ቢቱ (እዚ ላይ ነው ብሩ)

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ምትጠይቁት ይሄን ይሁን፦ "ትንሹ በካሬ ስንት ሚሊቮልት ነው?" ሻጩ ካላወቀ ራሳችሁ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሩት። 1 ሚሊቮልት ወይም ከዛ በታች ካለ አሪፍ። 5 ከሆነ ይቻላል። 20 ወይ 50 ላይ ከቆመ ለማይክና ለፒክአፕ አይሆንም፣ ለአምፕ መውጫ ብቻ ነው።

ተጠንቀቁ ግን፣ አንዳንዱ 1 ሚሊቮልት ይላል እንጂ ውስጡ ሚለካው በ4 ወይ 5 ነው፣ ቀሪውን ምስሉን እየለጠጠ ነው ሚያሳየው፣ ልክ ስልክ ላይ ፎቶ በጣት ስትለጥጡት እንደሚሆነው። እንዴት ይታወቃል ካላችሁ፣ ትንሹ ላይ ስታደርሱት መስመሩ ለስላሳ መሆኑ ቀርቶ እንደ ደረጃ ከተቆራረጠ ተለጥጧል።

ቀጥሎ ቢት። ብዙው ስኮፕ 8 ቢት ነው፣ ይሄ ማለት ከስክሪኑ ታች እስከ ላይ ያለውን 256 ደረጃ ላይ ብቻ ከፍሎ ነው ሚያየው። በካሬ 1 ቮልት ላይ 8 ካሬ ቢኖረው አንዱ ደረጃ 31 ሚሊቮልት ነው፣ ከሱ ያነሰ ነገር የለም ማለት ነው። 12 ቢት ሲሆን 4096 ደረጃ፣ አንዱ ደረጃ 2 ሚሊቮልት። ለዲጂታል ሰርኪት 8 ቢት ምንም አይልም፣ አንድ ወይ ዜሮ ነው ሚያየው፣ ለድምፅ ግን ልዩነቱ ይታያል፣ በተለይ አንድ ትልቅ ሲግናል ላይ የተጫነች ትንሽ ጉርምርምታ ለማየት።

እዚ ላይ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ 12 ቢትም ቢሆን ስኮፕ ላይ በዓይን አይታችሁ "ይሄ አምፕ 0.1 በመቶ ነው ሚያዛባው" ማለት አትችሉም። በዓይን 2 ወይ 3 በመቶ ካልደረሰ ሳይኑ ቀጥ ያለ ቆንጆ ነው ሚመስለው። እሱን ለመለካት ላፕቶፕና ጥሩ ሳውንድ ካርድ ይበልጣል፣ ባለ 16 ቢቱ እንኳ 65,536 ደረጃ አለው። ስለዚ "የአምፕ ጥራት ልለካ" ብላችሁ ስኮፕ አትግዙ። ስኮፕ ሚገዛው ብልሽት ለማየት ነው።

ሳምፕልና ሚሞሪ

ሳምፕል ሬቱን (በሰከንድ ስንት ነጥብ እንደሚወስድ) ብዙ አታስቡበት፣ አሁን ያለው ጠረጴዛ ላይ ሚቀመጥ ስኮፕ ብዙው በሰከንድ ቢሊዮን ምናምን ነው። ሚሞሪው ነው ሚበላችሁ። ድምፅ ዘገምተኛ ነገር ነው፣ የ50 ኸርዝ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሚሞሪው ትንሽ ከሆነ ስኮፑ ያን ያክል ረጅም ጊዜ ለማሳየት ሲል ሳምፕሉን ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ደግሞ ይዋሻል።

ውሸቱን አይቼዋለሁ። አንድ ክላስ ዲ ቦርድ ላይ ዘፈን ሳይከፈት የተረጋጋች ቆንጆ የ200 ኸርዝ ሞገድ ታየችኝ፣ ግማሽ ቀን ከየት መጣች እያልኩ ካፓሲተር ስቀያይር ዋልኩ። ለካ እውነተኛው የቦርዱ መቶዎች ኪሎኸርዝ መብራት መጥፋት ነው፣ ስኮፑ ጥቂት ነጥብ ብቻ እየወሰደ ሌላ ሞገድ ሠርቶ ነው ሚያሳየኝ። መለያው ቀላል ነው፣ የጊዜ ቁልፉን አዙሩት፣ እውነተኛ ሞገድ ጊዜው ሲቀየር በልኩ ይለጠጣል ወይ ይሰበሰባል፣ ውሸተኛው ግን ድንገት መልኩን ይቀይራል ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ፒክ ዲቴክት ሚባል ምርጫ ካለው እሱን አብሩት፣ ወዲያው ወፍራም ጥቅጥቅ ያለ መስመር ሆኖ ይጋለጣል።

ኤፍኤፍቲ ሚባለውም፣ ሲግናሉን በፍሪኩዌንሲ በትኖ ሚያሳየው፣ ከሚሞሪ ጋር የተያያዘ ነው። ሁሉም ማስታወቂያ "ኤፍኤፍቲ አለው" ይላል። በስንት ነጥብ ነው ብላችሁ ጠይቁ። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሳምፕል እየወሰደ በ1024 ነጥብ ሚያሰላ ከሆነ እያንዳንዷ ምሰሶ 977 ኸርዝ ትሰፋለች፣ 50 ኸርዙና 100 ኸርዙ አንድ ላይ ተጠፍጥፈው ነው ሚታዩት፣ ለኛ ጥቅሙ ምንም። በአንድ ሚሊዮን ነጥብ ከሆነ ግን 1 ኸርዝ በ1 ኸርዝ ይለያል። እሱ ነው ኤፍኤፍቲ።

ቻናልና ግራውንድ፣ እባካችሁ ይሄን ሳታነቡ አትለፉ

ከሁለት ቻናል በታች አትግዙ። ግራና ቀኝን ጎን ለጎን ለማየት፣ ወይም የአምፑን መግቢያና መውጫ አስተያይቶ የት ላይ እንደተበላሸ ለማወቅ። ግን ከሁሉ በላይ ሚያስፈልጋችሁ በሚቀጥለው ምክንያት ነው።

በግድግዳ ሶኬት ሚሰራ ስኮፕ የፕሮቡ ጥቁር ክሊፕ፣ ያቺ አዞ አፍ ሚመስለው፣ በቀጥታ ከሶኬቱ ኧርዝ ጋር የተገናኘች ናት። የሁለቱም ቻናል ክሊፕ ውስጥ ለውስጥ አንድ ነው። ስለዚ ክሊፑን ምታያይዙበት ቦታ ሁሉ ወደ መሬት ይያያዛል።

አንድ የሰርግ ሰሞን የመኪና አምፕ በፓወር ሰፕላይ ሚያሰራ ልጅ ይዞልኝ መጣ። እኔም እንደ ልማዴ የፕሮቡን ጫፍ ስፒከሩ ፕላስ ላይ፣ ክሊፑን ማይነሱ ላይ። ጢስ! ፀጥ! የዛ ዓይነት አምፕ ብሪጅ ነው ሚባለው፣ ማይነሱም እንደ ፕላሱ ሲግናል የያዘ ነው፣ ግራውንድ አይደለም፣ እኔ ከመሬት ጋር አጋጨሁት። አይሲውን (የአምፑን ቺፕ) ከኪሴ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ልጁ ደግሞ ማታውን ከጓደኛው ተውሶ ነው ሰርጉን የሠራው፣ እስከ ዛሬ ሲያየኝ "ጋሼ ዛሬስ ማንን አቃጠልክ" ይለኛል። የመኪና አምፖች ብዙዎቹ፣ ቲዲኤ 7297 ያለባቸው ርካሽ ቦርዶች፣ ትንሿ ፓም 8403፣ የክላስ ዲ ቦርዶች አብዛኛዎቹ እንዲህ ናቸው።

መፍትሄው፦ ሁለት ፕሮብ፣ አንዱን ጫፍ ፕላስ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ማይነስ ላይ፣ ክሊፖቹን ሁለቱንም የቦርዱ ግራውንድ ላይ ወይ የፓወሩ ማይነስ ላይ፣ ከዛ ስኮፑ ላይ ማዝ (ሂሳብ) ሚለውን ከፍታችሁ ከፕላሱ ቻናል የማይነሱን ቀንሱ። ሚታየው እውነተኛው የስፒከር ሲግናል ነው። ለዚህ ነው ሁለት ቻናል ግዴታ ነው ያልኳችሁ። የቦርዱ ፓወር ግራውንድ ግን ከመብራቱ የተለየ መሆኑን አረጋግጡ፣ ያለ ትራንስፎርመር 220 ቮልቱ ቀጥታ ሚገባበትን የፓወር ሰፕላይ ክፍል በተራ ፕሮብ ጨርሶ እንዳትነኩ፣ እዛ ላይ ሚቃጠለው አይሲ ብቻ አይደለም።

"የኧርዟን ጫፍ ቆርጬ ብሰካውስ?" ሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም። እንደዛ ሲሆን የስኮፑ ብረት ራሱ ቮልቴጅ ይይዛል፣ እናንተ ደግሞ እጃችሁን እሱ ላይ አድርጋችሁ ነው ምትሰሩት።

ያው እኛ ጋ ሌላም ችግር አለ፣ ብዙ ቤትና ሱቅ ሶኬቱ የኧርዝ ቀዳዳ ያለው ይመስላል እንጂ ከኋላው ሽቦ የለውም። ስኮፑን ሰክታችሁ ብረቱን በጣታችሁ ጀርባ ስትነኩት ትንሽ ነዘር ካደረጋችሁ፣ ኧርዝ የለም ማለት ነው። ያኔ ከአደጋው በተጨማሪ ምትለኩት ሁሉ 50 ኸርዝ ይጎርፍበታል፣ "ስኮፑ ተበላሸ" ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። ኤሌክትሪሽያን ጠርታችሁ ኧርዝ ዘንግ አስቀብሩ፣ ይሄ ከስኮፑ በፊት ሚመጣ ወጪ ነው።

እሺ፣ የቱን ልግዛ?

ብሩን አልፅፍም፣ በየሳምንቱ ሚቀያየር ነገር ነው፣ ከውጭ ሚመጣ ሰው ሲይዝላችሁና ከአዲስ አበባ ስታስልኩም ይለያያል። ከዝቅተኛው ልጀምር።

ምንም ብር የለኝም ለሚል፣ ላፕቶፕ። በሳውንድ ካርድ ሚሰራ ነፃ የስኮፕ ሶፍትዌር አለ። እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ያያል፣ ጥራቱ ለድምፅ ምርጥ ነው። ሁለት ጉድለት ግን አለው፣ ዲሲ አያይም፣ ማለት አምፑ መውጫ ላይ ሚገኝ ስፒከር ሚያቃጥል ዲሲ አይታየውም፣ ሁለተኛ ከአንድ ሁለት ቮልት በላይ ከገባበት ይሞታል። መሃል ላይ 100 ኪሎኦም በተከታታይ፣ 10 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ አድርጉለት፣ በ11 ያካፍላል፣ መግቢያው ላይ ደግሞ ሁለት 1ኤን 4148 ዳዮድ ጎን ለጎን፣ አንዱን በአንዱ ተቃራኒ አዙራችሁ፣ ወደ ግራውንድ አድርጋችሁ ጠብቁት። ላፕቶፑም ቻርጀሩ ይነቀል።

ተማሪ ከሆናችሁ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳም ፖሊም ያላችሁ፣ ዲኤስኦ 138 ኪቷን ገዝታችሁ ራሳችሁ በይዷት፣ አንድ ቻናል ናት፣ በካሬ 10 ሚሊቮልት፣ ሚሞሪዋ 1024 ነጥብ። ለመማሪያ አሪፍ ናት፣ ለእንጀራ ግን አትሆንም። ከመሃል እስከ አናት ከ50 ቮልት (ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ100) በላይም እንዳታስገቡባት። ሀንቴክ 6022 ቢኢ ሚባለው በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ሚሰካው ሁለት ቻናል አለው፣ 20 ሜጋኸርዝ፣ ግን ትንሹ ክልሉ በካሬ 20 ሚሊቮልት ነው፣ አሁን ለምን እንዳነሳሁት ገብቷችኋል።

የእጅ ስኮፕ፣ ባትሪ ያለው፣ ቴስተር አብሮ የያዘ፣ እንደ ኦዎን ኤችዲኤስ 242 ዓይነቱ፣ 40 ሜጋኸርዝ ሁለት ቻናል። ሚሞሪው ትንሽ ነው ግን መብራት ጠፍቶ ሥራ አይቆምም፣ ኧርዝም የለውም ስለዚ የብሪጅ አምፕ ላይ አንዱን ፕሮብ ብቻ ብትጠቀሙ ክሊፑን ማይነሱ ላይ ብታደርጉ አይፈነዳም። ሁለቱን ቻናል ከተጠቀማችሁ ግን ክሊፖቹ አሁንም አንድ ናቸውና ተጠንቀቁ። ዘጌ በጀልባ ሄጄ የቤተክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ስጠግን ይዤው ምሄደው እንደዚህ ያለውን ነው፣ ጠረጴዛውን ሀይቅ ማሻገር አይቻልማ።

ጠረጴዛ ላይ ሚቀመጥ፣ ሥራዬ ነው ለሚል። የቆየው ሪጎል ዲኤስ 1054 ዜድ፣ አራት ቻናል፣ 50 ሜጋኸርዝ፣ 12 ሚሊዮን ነጥብ ሚሞሪ፣ 8 ቢት፣ ያገለገለ ካገኛችሁ አይናችሁን ጨፍናችሁ ውሰዱት። ሲግለንት ኤስዲኤስ 1202 ኤክስ ኢ ሁለት ቻናል ነው፣ 200 ሜጋኸርዙ ለኛ ትርፍ ነው ግን በካሬ 500 ማይክሮቮልት ይወርዳል፣ ኤፍኤፍቲው የአንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው፣ እሱ ነው ቁም ነገሩ። አዲስ ምትገዙ ከሆነ ግን በኔ በኩል ባለ 12 ቢቱን ነው ምመርጠው፣ ሪጎል ዲኤችኦ 804 ወይ ሲግለንት ኤስዲኤስ 804 ኤክስ ኤችዲ፣ ሁለቱም 70 ሜጋኸርዝ አራት ቻናል ናቸው። የሪጎሉ በታይፕ ሲ ቻርጀር ነው ሚሰራው፣ ተራ የስልክ ቻርጀር ግን አያስነሳውም፣ ኧርዙንም ከኋላ ባለችው መሰኪያ ለብቻው ማያያዝ ይሻላል።

አሮጌው ባለ ቱቦ ስኮፕስ? ሀሜግ 203፣ ሂታቺ ቪ 212፣ 20 ሜጋኸርዝ ያላቸው። ለድምፅ አሁንም ያምራሉ፣ አይዋሹም፣ ግራን ወደ ኤክስ ቀኝን ወደ ዋይ አስገብታችሁ ዘፈን ስትከፍቱ እንደ እሳት ራት ትበራለች ብርሃኗ። ግን ምስል አያስቀምጡም፣ ይከብዳሉ፣ መለዋወጫም የለም። ካገኛችሁ ከኋላ የቮልቴጅ መምረጫው 220 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩ። ውስጡን ደግሞ አትክፈቱ፣ የቱቦው ቮልቴጅ በሺዎች ነው፣ ከተነቀለም በኋላ ይቆያል።

ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት እዛው ሱቅ ውስጥ

ፕሮቡን ስኮፑ ፊት ላይ ያለችው የ1 ኪሎኸርዝ መሞከሪያ ላይ ስቀሉት። ካሬ ሞገድ መምጣት አለበት። ፕሮቡን 10 ላይ አድርጉና በትንሽ ስክሪው ድራይቨር ማስተካከያዋን አዙሩ፣ ጥጉ ሾጠጥ ብሎ ከወጣ በዝቷል፣ ከተድበለበለ አንሷል፣ ልክ ሲሆን እንደ ሳጥን ጥግ ቀጥ ይላል። ጭራሽ ማይስተካከል ከሆነ ፕሮቡ ነው፣ ሌላ ያምጡ በሉ። በሁለቱም ቻናል ሞክሩ።

ከዛ የፕሮቡን ጫፍና ክሊፑን አገናኙና ትንሹ ሚሊቮልት ላይ አድርሱት። ሚታየው የስኮፑ የራሱ ኖይዝ ነው። ካሬ ሙሉ ሚሞላ ከሆነ ማይክ አታዩበትም። ይሄን ፕሮቡን 1 ላይ አድርጋችሁ ነው ምትሞክሩት፣ 10 ላይ ከሆነ ሲግናላችሁንም በአስር ያሳንሰዋል።

በመጨረሻ ስልካችሁ ላይ ሳይን ሚያወጣ አፕ ጭናችሁ ሂዱ፣ ከጃኩ 1 ኪሎኸርዝ አስገቡለት፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሱና ስኮፑ እስከምን ድረስ እንደሚከተላችሁ እዩ። እኔ ይሄን አድርጌ ቢሆን ያን ታብሌት አልገዛም ነበር። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ምትሠሩት

አምፕ ስትሞክሩ ስፒከር ላይ አትሞክሩ፣ ጎረቤትም ይጣላችኋል ስፒከሩም ይቃጠላል። 8 ኦም 100 ዋት ሬዚስተር ባህር ዳር ፈልጌ አጣሁና የእንጀራ ምጣድ ሽቦ ነው የተጠቀምኩት። 3500 ዋት ምጣድ ሽቦው በ220 ቮልት 14 ኦም ገደማ ነው፣ በቴስተር እየለካችሁ 8 ኦም ላይ ስትደርሱ ቁረጡት፣ ሸክላ ላይ አስተኝታችሁ ጫፎቹን በብሎን እሰሩ። ለ1 ኪሎኸርዝ ምንም አይለውም። የተጠቀለለ ስለሆነ 20 ኪሎኸርዝ አካባቢ ግን መዋሸት ይጀምራል፣ እዛ ላይ አትመኑት። አምፑ ብሪጅ ከሆነ እዚም ከላይ ያልኩትን የሁለት ፕሮብ መንገድ እንዳትረሱ።

ለጉርምርምታ፦ ከአንዱ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ያለውን ጊዜ ቁጠሩ። 20 ሚሊሰከንድ ከሆነ 50 ኸርዝ ነው፣ ከኬብል፣ ከግራውንድ፣ ከትራንስፎርመር ቅርበት ሚመጣ። 10 ሚሊሰከንድ ከሆነ 100 ኸርዝ ነው፣ ዳዮዶቹን አልፎ የመጣ፣ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ደርቀዋል ማለት ነው፣ ቀይሯቸው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ትሪገሩን (ሞገዱን ስክሪኑ ላይ ሚያቆመውን) ላይን ሚለው ላይ አድርጉት፣ ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከመብራቱ ነው ሚመጣው፣ እየተንሸራተተ ከሄደ ከሌላ ቦታ ነው፣ አትድከሙ ካፓሲተር በመቀየር።

ለመሰንጠቅ፦ 1 ኪሎኸርዝ አስገብታችሁ ድምፁን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የሞገዱ አናት እንደ ጠረጴዛ ለጥ ሲል እዛ ነው መጨረሻው። ትንሽ መልሱትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ቮልት በራሱ አባዙት፣ ለስምንት አካፍሉት፣ ከዛ ለኦሙ አካፍሉት፣ ዋቱ ነው። 50 ቮልት ከሆነ 2500 ለ64፣ 39 ዋት። ቅድም ፊቱ ላይ 500 ዋት ተብሎ የተፃፈበት አምፕ ነበር፣ ፓወሩ ፕላስ ማይነስ 35 ቮልት ነው፣ ከ70 ቮልት በላይ ከየት ያመጣል? በ8 ኦም ቢበዛ 76 ዋት። ባለቤቱን ጠርቼ ስክሪኑን አሳየሁት፣ ዝም ብሎ አየው፣ አየውና "በል ተወው፣ ለደንበኛ አትንገርብኝ" አለኝ።